ቸኮሌት ወስፋት ያመጣል? ግፊትስ ያወርዳል?

የአንባቢያችን ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ወንድሜ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ ሲመለስ ለልጆቹ ቸኮሌት ሳይዝ አይገባም። ልጆቹ ደስ ይላቸዋል፤ ለእኔ ግን ቸኮሌቱ የጭቅጭቅ ምንጭ ሆኖብኛል። አማቴ አብረውን ይኖራሉ። ትንሹን ልጄን ‹ወስፋት ያስነሳብሃል› ብለው ከእጁ ይነጥቁታል። ሁለተኛው ልጄ የፊት ጥርሶቹ ቡናማ ናቸው። እስከ ስድስት ዓመቱ ያደገው ወንጂ፣ እናቴ ጋ ነው። ያየው ሰው ሁሉ ‹ጣፋጭ አብዝታችሁበት ነው› ይለናል። ትልቋ ልጄ 15 ዓመቷ ነው። ፊቷን ብጉር ወርሶታል፤ ‹ቸኮሌቱን ተዪ› ስትባል ታለቅሳለች።

የሚገርመኝ ደግሞ አማቴ ራሳቸው የደም ግፊት አለባቸው። ጎረቤታችን ‹ጥቁር ቸኮሌት ግፊት ያወርዳል› ካለቻቸው ወዲህ ማታ ማታ ትንሽ ትንሽ ይበላሉ። አሁን አሁን ‹ዛሬማ ቸኮሌቴን በልቻለሁ› እያሉ ኪኒናቸውን የሚዘሉበት ቀን አለ። ባለቤቴ ስኳር አለበት፤ ኢንሱሊን ይወጋል። ሥራው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው። ስኳሩ ድንገት ቢወርድበት ብሎ ቸኮሌት በኪሱ ይዞ ይወጣል። የቱን ልመን? የቱንስ ልተው? ደግሞ አንዳንዱ ቸኮሌት ሲከፈት ላዩ ነጭ ሆኖ አገኘዋለሁ። ሻግቶ ነው?»

መልስ

እህቴ፣ ለደብዳቤሽ ቶሎ መልስ እንድሰጥ ያደረገኝ ወስፋቱም ብጉሩም አይደለም። የባለቤትሽ ኪስና የአማትሽ ኪኒን ነው። ስለ ቸኮሌት ከሚወራው ውስጥ የሚያስፈራራው ወሬ ቢበዛ ልጅ ያስለቅሳል። የሚያሞግሰው ወሬ ግን መድኃኒት ያስጥላል። ስለዚህ ቅድሚያውን ለእነሱ ልስጥ።

ባለቤትሽ ጣፋጭ ነገር ይዞ መውጣቱ ትክክል ነው። ኢንሱሊን እየወሰደ ይህን የማያደርግ ሰው ብዙ ነው። ስህተቱ የያዘው ነገር ላይ ነው። ቸኮሌት ውስጥ ከስኳሩ ሌላ ብዙ ስብ አለ። ስብ ደግሞ ምግብ ከጨጓራ ቶሎ እንዳይወጣ ያዘገያል። ስለዚህ የቸኮሌቱ ስኳር ደም ውስጥ የሚገባው ቀስ ብሎ ነው። ስኳሩ ለወረደበት ሰው ግን እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት። መጀመሪያ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይመታል፣ ረሃብ ይሰማል። ከዚያ ንግግር ይንተባተባል፣ ሰውየው ግራ ይጋባል። ካልታከመ ራሱን ይስታል።

በዚያ ላይ የአዳማ ፀሐይ አለ። ቸኮሌት ወደ 30 ዲግሪ ሲጠጋ ይለሰልሳል፤ 34 አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል። የሰው ሰውነት ሙቀት ራሱ 37 ነው። እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ የቀለጠ ቸኮሌት ከወረቀቱ ሊያላቅቅ ሲታገል አስቢው።

የሚሻለው ቀላልም ርካሽም ነው። በትንሽ ላስቲክ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቋጥሮ፣ አንድ ሃይላንድ ውሃ ይዞ ይውጣ። ይህ 15 ግራም ገደማ ስኳር ነው። ምልክቱ ሲሰማው በትንሽ ውሃ በጥብጦ ይጠጣው። ለስላሳ ካገኘም የትንሹ ጠርሙስ ግማሽ ይበቃዋል። ዜሮ ወይም ዳይት የሚባለው ግን ስኳር ስለሌለው አይጠቅመውም። ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካ። አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ይድገመው። ሲሻለው ደግሞ ዳቦም ሆነ እንጀራ፣ ቆየት የሚል ምግብ ይብላ።

አንድ ነገር አደራ። ራሱን ከሳተ ወይም መዋጥ ካቃተው አፉ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ ሊያንቀው ይችላል። በጎኑ ተጋድሞ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት። ይህን አንቺ ብቻ ሳትሆኚ አብረውት የሚሠሩት ሰዎችም ይወቁት። ስኳሩ ቶሎ ቶሎ የሚወርድበት ከሆነ ደግሞ ለሐኪሙ ይንገር። የኢንሱሊኑ መጠን መስተካከል ይኖርበት ይሆናል።

ይህን ስል ቸኮሌት ለስኳር ታማሚ ጨርሶ ክልክል ነው ማለቴ አይደለም። ከምግብ በኋላ አንድ ሁለት ቁራጭ፣ ከቀኑ ምግቡ ጋር አስቦ፣ ስኳሩንም እየለካ ሊበላ ይችላል። «ለስኳር ታማሚ» ተብሎ በውድ የሚሸጠውን ቸኮሌት ግን ባትገዢለት ይሻላል። ስኳሩ ቢቀነስም ስቡ አለ፤ ገንዘቡም ያሳዝናል። «ቸኮሌት በልቶ ነው ስኳር የያዘው» የሚል ካጋጠመሽም አትሸማቀቂ። አንደኛው ዓይነት ስኳር የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን የቆሽት ሕዋሳት ሲያጠቃ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ከዘር፣ ከዕድሜ፣ ከውፍረትና እንቅስቃሴ ከማነስ ጋር ይያያዛል። ጣፋጭ ማብዛት ያወፍራል፤ በዚያ በኩል አስተዋጽኦ አለው። ቸኮሌት ብቻውን ግን ተከሳሽ መሆን የለበትም።

ወደ አማትሽ ልምጣ።

ጎረቤታችሁ ነገሩን ከመሬት ተነስታ አልፈጠረችውም። ቸኮሌት በሚሠራበት የካካዎ ፍሬ ውስጥ ፍላቫኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። እነዚህ የደም ሥርን ትንሽ ያላላሉ። ጉዳዩ ምን ያህል ነው የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ ገምጋሚ ተቋም 35 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሯል። የግፊቱ የላይኛው ቁጥር በአማካይ የቀነሰው ከ2 ነጥብ ያነሰ ነው። አማትሽ 160 ከሆኑ 158 ሆኑ ማለት ነው። አንድ የተለመደ የግፊት ኪኒን ደግሞ በአማካይ 9 ነጥብ ገደማ ያወርዳል። ሁለቱ አይወዳደሩም።

ሌላም ነገር አለ። በብዙዎቹ ጥናቶች ሰዎቹ የወሰዱት ፍላቫኖሉ እንዳይጠፋ ተጠንቅቀው ያዘጋጁትን ካካዎ ነው። ሱቅ የሚገኘው ቸኮሌት እንደዚያ አይደለም። ካካዎው ሲቆላና ምሬቱን ለማለዘብ ሲታከም ብዙው ፍላቫኖል ይጠፋል። ጥቁር መሆኑ ብቻ ፍላቫኖል አለው አያሰኝም፤ ማሸጊያው ላይም አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም። እ.ኤ.አ. በ2022 ውጤቱ የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ከ21 ሺህ በላይ አዛውንቶችን ወደ አራት ዓመት ገደማ ተከታትሏል። ለግማሾቹ በየቀኑ 500 ሚሊግራም የካካዎ ፍላቫኖል በእንክብል ሰጥቷቸዋል። በልብ በሽታ የሞቱት ቁጥር አነስ ብሎ ታይቷል። የጥናቱ ዋና ጥያቄ ግን የልብና የደም ሥር ችግሮች በጠቅላላ ይቀንሳሉ ወይ የሚል ነበር። እዚያ ላይ ልዩነቱ አሳማኝ ሆኖ አልተገኘም። ያውም ስኳርና ስብ በሌለው እንክብል! አንድ መቶ ግራም ጥቁር ቸኮሌት 600 ካሎሪ ገደማ አለው። ውፍረት ደግሞ ግፊትን ያብሳል።

እንዲህ ያለ ወሬ እንዴት እንደሚሰራጭ አንድ ታሪክ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ2015 ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ከጥቂት ጀርመናውያን ጋር ሆኖ «ቸኮሌት ያከሳል» የሚል ጥናት ሆን ብሎ አሳተመ። የተሳተፉት 15 ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ጊዜውም ሦስት ሳምንት ነው። ክብደት፣ ኮሌስትሮል፣ እንቅልፍ እያሉ ብዙ ነገር ለኩ። ብዙ ነገር ከለካሽ አንዱ በአጋጣሚም ቢሆን ይሳካል። ያንን አንዱን መዝዘው አወጡ። በብዙ አገር ያሉ ጋዜጦች ተቀባብለው አወሩት። ጋዜጠኛው በኋላ ራሱ እውነቱን ተናገረ። እሱ የፈለገው የምግብ ወሬ ሳይጣራ እንዴት እንደሚበተን ማሳየት ነበር። ማስተባበያው ግን የወሬውን ያህል ሩቅ አልሄደም። ጥሩ ዜና ሲሆን ሰው መጠየቅ አይፈልግም።

ግፊት የሚያሳስበኝ ስለማያም ነው። አማትሽ ኪኒኑን ሲዘሉ ምንም አይሰማቸውም። ምንም ስላልተሰማቸው ቸኮሌቱ የሠራ ይመስላቸዋል። ጉዳቱ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ከመሸ ነው፤ በስትሮክ ወይም በኩላሊት።

እንዴት ትነግሪያቸዋለሽ? በልጆቹ ፊት አትከራከሪያቸው። ቸኮሌቱንም አትንጠቂያቸው፤ እልህ ያመጣል። ሁለት ነገር ሞክሪ። አንደኛ፣ ጤና ጣቢያ አብረሻቸው ሂጂና ግፊታቸው ይለካ። ኪኒን እየዘለሉ እንደሆነ ለባለሙያው ራሳቸው ይንገሩ። ከምራት ይልቅ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ይሰማል፤ በዚህ አትከፊ። ሁለተኛ፣ ቸኮሌቱን ከኪኒኑ ጋር አያይዢው። «እማዬ፣ ቸኮሌቱን ማንም አይከለክልዎትም። ኪኒንዎን ይውሰዱና ከዚያ ይብሉ» በያቸው። ማታ ማታ የሚወዱት ነገር ካለ ኪኒኑን ያስታውሳቸዋል። ቁራጩ ግን ትንሽ ይሁን። ቀደም ሲል ቃር የሚያስቸግራቸው ከሆነ ደግሞ ከመኝታ ሰዓት ይራቅ፤ ቸኮሌት ቃር ያስነሳል።

አሁን ወደ ልጆቹ። ወስፋት ከቸኮሌት አይመጣም። ከከረሜላም ከስኳርም አይመጣም። ኮሶ ከጥሬ ሥጋ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ወስፋትም የራሱ መንገድ አለው። እንቁላሉ ከሰው ዓይነ ምድር ጋር አፈር ላይ ይወድቃል። አፈሩ ውስጥ ቆይቶ ይበስላል። ከዚያ ባልታጠበ እጅ፣ በጥፍር ሥር በተያዘ አፈር፣ በደንብ ባልታጠበ ሰላጣና ካሮት ወደ አፍ ይገባል። ልጅ ከአፈር ጨዋታ ተነስቶ በዚያው እጁ ቸኮሌት ሲበላ ወስፋት ሊይዘው ይችላል። ጥፋቱ ግን የእጁ ነው። በዚያው እጅ ቆሎ ቢበላም ያው ነው።

አማትሽ ያዩት ነገር ውሸት ነው አልልም። ወስፋት ያለበት ልጅ ሆዱን ሲያመው ይኖራል። በዚያ ቀን ቸኮሌት ከበላ ሁሉም የሚያስታውሰው ቸኮሌቱን ነው። የሚያሳዝነው ግን ጣፋጩ ሲከለከል እጅ መታጠቡ መረሳቱ ነው። ትንሹ ልጅሽ ሆዱን ቶሎ ቶሎ የሚያመው ከሆነ ሰገራው ይመርመር። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ትምህርት ቤት በዘመቻ የሚሰጠው ኪኒን ሲመጣም አያምልጠው። ጥፍሩን ቁረጪለት። ከሽንት ቤት ሲወጣና ከምግብ በፊት በሳሙና ይታጠብ። አያቱ ተቆጣጣሪ ይሁኑ። ልጁን ከቸኮሌት መጠበቁን ትተው እጁን ቢያስታጥቡት ጥሩ ሥራ ያገኛሉ።

የሁለተኛው ልጅሽ ጥርስ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። እስከ ስድስት ዓመቱ ወንጂ አደገ ያልሽው ለእኔ ትልቅ ፍንጭ ነው። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ወንጂ አካባቢ ይህ ለብዙ ዓመታት የሚታወቅና የተጠና ችግር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ልጅ ከዚህ በላይ ፍሎራይድ ያለበት ውሃ እየጠጣ ሲያድግ፣ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ያለው ቋሚ ጥርስ ይጎዳል። ጥርሱ ሲበቅል ነጭ ነጠብጣብ ወይም ቡናማ ቀለም ይዞ ይወጣል። ቸኮሌት ይህን አያደርግም። አንቺም ጥፋተኛ አይደለሽም፤ እናትሽም አይደሉም።

የጥርስ ሐኪም ያየው። የፍሎራይድ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ግራና ቀኙ ተመሳሳይ ነው፤ በብዙ ጥርስ ላይም ይታያል። ጣፋጭ የሚያመጣው ጉዳት ደግሞ ቀዳዳ ይሠራል፣ ያማል። ቀለሙን የሚያቀል ሕክምና አለ፤ ልጁ እየተሳቀቀ ካደገ ጠይቂለት። ትንሹም ወንጂ አያቱ ጋ የሚከርም ከሆነ የሚጠጣው ውሃ ከየት እንደሚቀዳ አጣሪ። አደራ፣ ውሃ ማፍላት ፍሎራይድን አያስወግድም። ውሃው ሲተን ፍሎራይዱ እዚያው ስለሚቀር እንዲያውም ይበዛል። ፍሎራይዱ ተጣርቶ የቀረበ ወይም ከሌላ ምንጭ የመጣ ውሃ ነው የሚሻለው።

ቸኮሌትና የጥርስ ቀዳዳስ? እዚህ ላይ ወሬው ግማሽ እውነት አለው። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን አሲድ ያደርጉታል፤ አሲዱ ጥርስን ይበላል። ዋናው ነገር በቀን ስንት ጊዜ የሚለው ነው። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ እየቆረሱ ከሚበሉ፣ ከምሳ በኋላ በአንዴ በልተው ቢጨርሱ ይሻላል። ጥርስ ላይ ተጣብቆ የሚቆይ ከረሜላ ከቸኮሌት ይብሳል። ማታ ጥርስ ሳይቦርሹ መተኛት ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። በቀን ስንት ጊዜ ሻይ በስኳር እንደሚጠጡም ቁጠሪ። ቸኮሌቱ ወንድምሽ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ሻዩ የየቀን ነው።

ትልቋን ልጅሽን በተመለከተ፣ ማስለቀሱ ይቁም። በ15 ዓመት ብጉር የሚያመጣው በዋናነት የዕድሜው ሆርሞን ነው። ቆዳው ቅባት ያበዛል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ባክቴሪያ ይራባበታል። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች 65 ሰዎችን ለሁለት ጊዜ አፈራርቀው ሞከሩ፤ አንዴ ቸኮሌት፣ አንዴ ካካዎ የሌለው ተመሳሳይ ጣፋጭ። በብጉሩ ላይ ልዩነት አላገኙም። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት «ቸኮሌት ነጻ ነው» ተባለ። ይሁንና ማወዳደሪያው ጣፋጭ የቸኮሌቱን ያህል ስኳርና ስብ ነበረው። ስለዚህ ነጻ የወጣው ካካዎው እንጂ ስኳሩ አይደለም። በኋላ የመጡ ጥናቶች የደም ስኳርን በፍጥነት ከፍ የሚያደርጉ ምግቦችና ወተት በአንዳንድ ሰው ላይ ብጉር እንደሚያብሱ ጠቁመዋል። የወተት ቸኮሌት ደግሞ ሁለቱንም ይዟል።

ስለዚህ ውሳኔውን ለራሷ ስጫት። ለሁለት ወር ያህል ቸኮሌትና ለስላሳ ትታ ፊቷን ትመልከት። ለውጥ ካየች ራሷ ትወስናለች። ካላየች ደግሞ ማንም ስለ ቸኮሌት አይናገራት። ፊቷን በቀን ሁለት ጊዜ በለስላሳ ሳሙና ትታጠብ፤ ብጉሩን አታፍርጥ። ፋርማሲ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባል ቅባት አለ፤ እንዴት እንደምትቀባው ትጠይቅ። በጣም የምለምንሽ አንድ ነገር፣ ጓደኛ «ፊት ያጠራል» ብላ የምታመጣውን ክሬም እንዳትቀባ ተከታተያት። ብዙዎቹ ውስጥ ስቴሮይድ አለ። በሳምንት ውስጥ ያሳምራል፤ ቆይቶ ቆዳውን ያሳሳል፣ ብጉሩንም ያብሳል። ጠባሳ የሚተው ብጉር ከሆነ ወይም ከሰው መቀላቀል ካስጠላት የቆዳ ሐኪም ጋ ውሰጃት። ይህ ቅንጦት አይደለም።

የነጩ ነገር ቀላል ነው። ሻጋታ አይደለም። ከጅቡቲ አዳማ ድረስ በመኪና ሙቀት የመጣ ቸኮሌት ውስጡ ያለው የካካዎ ቅቤ ቀልጦ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝ ነጭ ሆኖ ይረጋል። ጣዕሙና ልስላሴው ይበላሻል እንጂ አይጎዳም። ሙቀት እምቢ ብሎ ፀሐይ ላይ የማይቀልጥ ርካሽ ቸኮሌት ካጋጠመሽ ደግሞ ማሸጊያውን አንብቢ፤ ብዙ ጊዜ በካካዎ ቅቤ ፋንታ የዘንባባ ዘይት ነው የተደረገበት። ወንድምሽ ሲጭን ከሞተሩና ከመስታወቱ ርቆ፣ ጥላ ያለበት ቦታ ያስቀምጠው። ፀጉር የሚመስል ነገር ያበቀለ፣ የዘይት ሽታው የከረፋ፣ ወይም ነፍሳት የገቡበት ከሆነ ግን ጣይው። ለውሻም እንዳትሰጪው፤ ካካዎ ውስጥ ያለው ቴኦብሮሚን የሚባል ነገር ውሻን ይመርዛል።